መኮሮኒ ወደ ይፋት ማጀት እንደ ገባ፤ ቋሊማውም በደጅ እንደ ቀረ

የታሪክ ጸሐፊ ዓይን ከጥንት ጀምሮ በአደባባይ ላይ ነው። ንጉሥ የዘመተበትን ቀን፥ መስፍን የተሾመበትን ወር፥ ታቦት የገባበትን ደብር ተጠንቅቆ ይጽፋል፤ ሠራዊቱ ምን ስንቅ ይዞ እንደ ዘመተ፥ እንግዳው በምን ወጥ እንደ ተስተናገደ ግን በጥቂት ቃል አልፎት ይሄዳል። ማጀት የሴቶች ስፍራ ስለ ሆነ ብራና ሳይደርሰው ቀረ። ይሁን እንጂ ሰው በአደባባይ የሚቆመው በማጀት የተሰናዳውን በልቶ ነው፤ አንድ ሕዝብም ከባዕድ የተቀበለውንና የመለሰውን ነገር ለይቶ ለማወቅ ከማጀት የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በሰሜን ሸዋ፥ ከይፋት ቈላ አጠገብ ያለች አንዲት ከተማ ማጀቴ ትባላለች። ይህ ስም ለቅኔ ተማሪ ብቻውን ኅብር ነው፤ የአገር ስም ሆኖ ሲጠራ ለአማርኛ ጆሮ ደግሞ «የእኔ ጓዳ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። እኛም በዚህ ስም ተመርተን የአንድ መብል ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። መብሉ ከኢጣሊያ የመጣው መኮሮኒ ነው፤ በአገሩ ከቋሊማና ከአትክልት ጋራ ተሠርቶ የሚቀርብ፥ የደከመውን ሠራተኛ የሚያጠግብ ምግብ ነው። ዛሬ በደሴ መንገድ ላይ ባሉት በይፋት ከተሞች ወደ አንድ ምግብ ቤት የገባ መንገደኛ መኮሮኒ ወይም ፓስታ በአትክልት ቢል ወዲያው ይቀርብለታል፤ ቋሊማ ያለበት ቢል ግን አስተናጋጁ ያፍርበታል። መኮሮኒው ገብቶ ቋሊማው ስለ ምን በደጅ ቀረ? ይህን የመረመረ ሰው የይፋትን ሕዝብ ጠባይ በብዙ ያውቃል።

አስቀድመን ስለ ምድሪቱ እንናገር። ይፋት የደጋና የቈላ መጋጠሚያ ናት። በጣርማበር አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ምድሪቱ ከእግሩ ሥር ወደ አዋሽ ሸለቆ ስትወርድ ያያል። ከላይ ገብስና ስንዴ ይዘራል፤ ከታች ማሽላ፥ ጤፍና ማሾ ይዘራል፤ በሸዋ ሮቢት ዙሪያም በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይበቅላል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው የደማስቆው ጸሐፊ አል ዑመሪ አገሪቱን ከሚያውቁ ሰዎች ሰምቶ ስለ ይፋት ሲጽፍ ስንዴዋን፥ ማሽላዋንና ጤፏን ይቈጥራል። እንግዲህ የይፋት ማጀት ከ600 ዓመት በፊትም ቢሆን ድኻ አልነበረም።

ይፋት ደግሞ የሁለት ሃይማኖት መገናኛ ናት። የወላስማ ነገሥታት ከ1277 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዚያ የእስላም መንግሥት አቆሙ፤ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1324 ዓ.ም. ከይፋቱ ገዥ ከሰብረ ዲን ጋራ ተዋጉ፤ ከሁለት መቶ ዓመትም በኋላ በ1523 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ በአንጾኪያ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ገጥሞ ድል አደረገ። አደባባዩ እንዲህ በጦርነት ሲታወክ ገበያው ግን አልተዘጋም። የደጋው ሰው ገብሱንና በጉን ይዞ ይወርዳል፤ የቈላው ሰው ጨውንና ጥጥን ይዞ ይወጣል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ይኸውም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.፥ ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ የሐረርና የአርጎባ ነጋዴዎች ከሸዋ ሰዎች ጋራ የሚገናኙባት ታላቅ ገበያ ነበረች።

በገበያ አብሮ የዋለ ሕዝብ በሠርግም በለቅሶም አብሮ ይውላል። ነገር ግን በማዕድ ላይ አንድ ዳር ድንበር አለ፤ እርሱም ሥጋ ነው። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም የታረደውን ይበላል፤ እስላሙም በአላህ ስም የታረደውን ይበላል፤ አንዱ የሌላውን ዕርድ አይነካም። ስለዚህ በይፋትና በወሎ ሠርግ የሚደግስ ክርስቲያን ለእስላም እንግዶቹ ከብት ለይቶ ይሰጣል፤ ከእነርሱ ወገን የሆነ ሰው ያርዳል፥ ሴቶቻቸውም በተለየ ብረት ድስት ይሠራሉ። እስላሙም ሲደግስ ለክርስቲያን ወዳጆቹ እንደዚሁ ያደርጋል። ይህ ልማድ መለያየት ይመስላል፤ በእውነት ግን የባልንጀራን ሕሊና ማክበር ነው። የመኮሮኒንና የቋሊማን ነገር የሚፈታው ቍልፍም ይኸው ነው።

አሁን ወደ መብሉ የትውልድ አገር እንሻገር። መኮሮኒ የኢጣሊያ ነው መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኢጣሊያ ብቻዋን አላሳደገችውም። አል ኢድሪሲ የተባለው እስላም የምድር ሊቅ ለሲሲሊያው ክርስቲያን ንጉሥ ለሮጀር መጽሐፍ አዘጋጅቶ በ1146 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን በ1154) ፈጽሟል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በፓሌርሞ አጠገብ ትራቢያ በምትባል ስፍራ «ኢጥሪያ» የሚባል የደረቀ የሊጥ ክር በብዛት እንደሚሠራ፥ በመርከብም እየተጫነ ወደ ካላብሪያና ወደ ሌላም የእስላምና የክርስቲያን አገር እንደሚላክ ይናገራል። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ይህ መብል በመጀመሪያ በተጻፈለት የንግድ ታሪኩ እንኳ የሁለት ሃይማኖት ሰዎች በአንድነት የሚገዙት ነበር። በጄኖቫ ከተማም በ1271 ዓ.ም. የአንድ ሰው ንብረት ሲመዘገብ መኮሮኒ የሞላበት ዕቃ ተቈጥሯል። ማርኮ ፖሎ ከቻይና ወደ ቬኒስ የተመለሰው ከዚህ 16 ዓመት ያህል ዘግይቶ ስለ ሆነ መኮሮኒን ከቻይና ያመጣው እርሱ ነው የሚለው ወሬ ከንቱ ነው።

ቋሊማውም የራሱ ታሪክ አለው። የጥንት ሮማውያን «ሉካኒካ» ይሉት ነበር፤ ወታደሮቻቸው በደቡብ ኢጣሊያ ከሚኖሩት ከሉካኒያ ሰዎች ስለ ተማሩት ነው። የዛሬው «ሳልሲቻ» የሚለው ስሙም ጨው ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ሥራው ይህ ነው፤ ሥጋውን ከስቡ ጋራ አድቅቆ መክተፍ፥ በጨውና በቍንዶ በርበሬ ማሸት፥ በታጠበ አንጀት ውስጥ ሞልቶ ማሰር። በኢጣሊያ ሥጋው አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። በፑልያ አውራጃ የጆሮ ቅርጽ ያለውን መኮሮኒ መራራ ቅጠል ካለው ጎመንና ከቋሊማ ጋራ መሥራት የታወቀ ነው። ቲማቲሙ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 በአውሮፓውያን ዓመት ወደ አሜሪካ መንገድ እስኪያገኝ ድረስ አንድም ኢጣሊያዊ ቲማቲም አላየም። እንግዲህ ኢጣሊያኖች ራሳቸው የሚመኩበት ወጥ ከሦስት አህጉር የተሰበሰበ ነው።

የመኮሮኒው ሥር የሆነውን ስንዴ ብንመለከት ደግሞ እኛ ከማንም አናንስም። ለመኮሮኒ የሚፈለገው ፍሬው የጠነከረው፥ ዱረም የሚባለው ስንዴ ነው፤ ዱቄቱ ሲታሽ ሊጡ አይፈታም፥ ሲቀቀልም ቅርጹን ይጠብቃል። የዚህ ስንዴ ወገን በኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ይዘራል፤ በሸዋ ጥቍር አፈር ላይ ነጩም፥ ቀዩም፥ ሐምራዊውም ይበቅላል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ የእጽዋት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴያችንን ብዛትና ልዩ ልዩነት ባየ ጊዜ እጅግ ተደነቀ፤ ኢትዮጵያንም በዓለም ካሉት የእህል መገኛዎች መካከል ቈጠራት። እናቶቻችን ከዚህ ስንዴ ዳቦውን፥ ቂጣውን፥ ቅንጬውን፥ ንፍሮውንና ቆሎውን አውጥተዋል። ሊጡን በክር አምሳል አድርቆ ማስቀመጥ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ መኮሮኒ ወደ አገራችን ሲመጣ እህሉ አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የነበረው ቅርጹ ነው።

አመጣጡ ግን መልካም አልነበረም። ኢጣሊያ በ1882 ዓ.ም. ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ ካደረገች በኋላ የኢጣሊያ መብል በአሥመራ ተለመደ። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ወታደሩ፥ መንገድ ሠራተኛውና ነጋዴው ምግቡን ይዞ በመላው አገር ተበተነ። ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አሥመራ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሠሩ፤ የጣርማበርን ተራራ ፈልፍለው አለፉ፥ ዋሻውንም በአለቃቸው በሙሶሊኒ ስም ጠሩት። መንገዱ ከዚያ ወደ ደብረ ሲና፥ ወደ ሸዋ ሮቢት፥ ወደ አጣዬና ወደ ካራቆሬ ይወርዳል። ማጀቴም ከካራቆሬ ብዙ አትርቅም። የእህል ከረጢት፥ የዘይት ቆርቆሮና የመኮሮኒ ሣጥን የተጫነበት መኪና በዚህ መንገድ ወረደ፤ ወታደርና መድፍ የጫነውም በዚሁ ወረደ።

በዚያን ጊዜ የሰሜን ሸዋ ሕዝብ የደረሰበትን መከራ አባቶቻችን ነግረውናል። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች በዱር በገደል ሲዋጉ ጠላት ሕዝቡን በእሳትና በመርዝ ቀጣ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ከይፋት በላይ ባለው ደጋ፥ ዘረት በተባለው ስፍራ በዋሻ የተጠጉት አርበኞች፥ ሴቶችና ሕፃናት በመርዝ ጋዝና በጥይት አለቁ። እንግዲህ አንድ አስተዋይ ሰው፥ ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው የሚበላውን መብል ስለ ምን በቤታችን እንሠራለን? ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

መልሱን የሰጡት በአደባባይ የተቀመጡ ዳኞች አይደሉም፤ በማጀት ያሉ ሴቶች ናቸው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ከሄደ በኋላ የተወውን ነገር አንድ በአንድ እያነሡ መረመሩ። በወረራው ዘመን የተቋቋመው የቃሊቲው ፋብሪካ ከነፃነትም በኋላ ዱቄትና መኮሮኒ ሲያወጣ እነርሱ ገዙት። «ሳልሳ» የሚለውን ቃል ከቲማቲሙ ድልኽ ጋራ ተቀበሉ፤ «ፉርኖ» የሚለውንም ለነጩ ዱቄት ስም አደረጉት። ሹካውን ግን በብዛት ተዉት። በኢጣሊያ ለእያንዳንዱ በየሳሕኑ የሚቀርበውን መኮሮኒ በእንጀራ ላይ ገለበጡት፤ እንደ ወጥ አድርገው በአንድ ገበታ ዙሪያ በእጅ ይበሉት ጀመር። ከባዕድ የመጣው ሊጥ በጤፍ እንጀራ ላይ ሲተኛ የእንግድነቱ ዘመን አለቀ። የኔፕልስ ድኾችም በቀድሞ ዘመን መኮሮኒን በመንገድ ዳር በእጃቸው ይበሉ ስለ ነበር የእኛን ሰው በዚህ የሚነቅፍ የራሱን አያቶች ይነቅፋል።

ደግሞስ ከባዕድ መጣ ተብሎ የሚጣል ከሆነ ከማዕዳችን ምን ይተርፋል? በርበሬ የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ወደ እኛም የደረሰው ከኮሎምቦስ በኋላ በባሕር ዞሮ ነው። በቆሎም እንዲሁ ነው፤ የቀድሞ ሰዎች «የባሕር ማሽላ» ያሉት ከባሕር ማዶ መምጣቱን ሲመሰክሩ ነው። ዛሬ ግን በርበሬ የሌለበት ወጥ የአበሻ ወጥ አይባልም። መብል የአምጪውን ኃጢአት አይሸከምም፤ ጠላትነቱ ከሰይፉ ጋራ ይቀራል፥ እህሉ ግን የእግዚአብሔር ነው።

የመኮሮኒን በር ወለል አድርጎ የከፈተው ግን ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብን፥ ዐቢይ ጾምን፥ ነቢያትን፥ ሐዋርያትን፥ ፍልሰታን የሚጾም ክርስቲያን ከዓመቱ ቀን የሚበዛውን ከሥጋ፥ ከወተትና ከዕንቍላል ተከልክሎ ይኖራል። ደረቁ የፋብሪካ መኮሮኒ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው፤ ዕንቍላል የገባበት ዓይነት መኖሩን አውቆ መለየት ያሻል እንጂ ሌላው ለጾም የተፈቀደ ነው። በሽንኩርት፥ በቲማቲም፥ በካሮትና በጎመን፥ በዘይት ሲሠራ ከሽሮና ከምስር ቀጥሎ የጾመኛውን ገበታ የሚያሰፋ ሆነ። እስላሙ ጎረቤትም በዚህ ድስት ውስጥ የሚፈራው ዕርድ የለበትም። እንዲህ ሆኖ ለጾመኛው የተሠራው ወጥ ለእንግዳውም በቃ።

ቋሊማውስ? እርሱ በደጅ የቀረበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው አሳማ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አይበሉትም። የክርስቲያኑ ነገር ግን በማስተዋል መነገር ይገባዋል። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. ለኢየሱሳውያን መልስ በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፥ አሳማ የማንበላው እንደ አይሁድ በኦሪት ሕግ ታስረን እንዳይደለ፥ የሚበላውንም እንደማንጸየፍ፥ የማይበላውንም ብላ ብለን እንደማናስገድድ አስረድተዋል፤ ለዚህም የቅዱስ ጳውሎስን ትምህርት መሠረት አድርገዋል። ይህን የጻፉት ንጉሥ አባታቸው በኢማም አሕመድ ጦር ሲሳደዱ ያዩ፥ ራሳቸውም በ1551 ዓ.ም. ከሐረር በመጣ ሠራዊት የሞቱ ናቸው። በእንዲህ ያለ ዘመን ሆነው ስለ መብል በዚህ ልክ በትሕትና መጻፋቸው ሊደነቅ ይገባዋል።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት የቋሊማው ጠባይ ራሱ ነው። ቋንጣ የተሰቀለበትን ቤት የሚያይ ሰው ሥጋው ከየትኛው ብልት እንደ ወጣ ያውቃል፤ ማን እንዳረደውም ይጠይቃል። ቋሊማ ግን የተከተፈና የተሸፈነ ነው፤ ሥጋው የምን እንደ ሆነ፥ ማን እንዳረደው፥ ደሙ ወጥቶ እንደ ሆነ ከላይ አይታይም። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ላመኑት ከደምና ታንቆ ከሞተ እንዲርቁ አዘዙ፤ ፍትሐ ነገሥትም ይህን ሥርዓት ይጠብቃል፤ እስላሙም በበኵሉ ሕጉን ይጠብቃል። ስለዚህ ለይፋት ሰው የባዕድ ቋሊማ አንደበት የሌለው ምስክር ሆነበት። መኮሮኒው የሚሸሽገው ስለሌለው ገባ፤ ቋሊማው የሚሸሽገው ስላለው ቀረ።

ሆኖም ቋሊማ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ ቃሉ ራሱ አማርኛ መሆኑን ይመልከት። በሐረርና በምሥራቅ አገር የከብት ሥጋ ተከትፎ፥ ከሽንኩርት፥ ከጨውና ከልዩ ልዩ ቅመም ጋራ ታሽቶ፥ በታጠበ አንጀት ይሞላል፤ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎም በጭስና በአየር ይደርቃል። ሐረሮች «ዋቃሊም» ይሉታል። በዚያ አገር የሚበላው ያለ ጥርጥር ነው፤ ምክንያቱም ከብቱ በታወቀ ሰው ታርዶ፥ በታወቀች ሴት እጅ በቤት ውስጥ ይሠራል። ከሐረር አጠገብ የሚኖሩት አርጎባዎች በይፋትም ወገኖች አሏቸው፤ በአልዩ አምባ ገበያም ሁለቱ አገሮች ሲገናኙ ኖረዋል። እንግዲህ ይፋት ቋሊማን የመለሰችው ቋሊማ ስለ ሆነ አይደለም፤ ባለቤቱ ስላልታወቀ ነው።

ስለዚህ በፍስክ ቀን ይህን መብል በሕጉ ሊሠራ የሚወድ ቤተ ሰብ እንደዚህ ያድርግ። ለ6 ሰው ግማሽ ኪሎ የከብት ሥጋ ከጥቂት ስብ ጋራ አድቅቆ ይክተፍ፤ 10 ግራም ጨው፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ዝንጅብል፥ ኮረሪማና ቍንዶ በርበሬ ጨምሮ ይሸው፤ በሎሚና በጨው ደጋግሞ በታጠበ አንጀት ይሙላው፥ በጣት ርዝመትም እየለየ ይሰረው። የሚያደርቅበትን ጥበብ ያልተማረ በዚያው ቀን ያብስለው፤ የቈላ ሙቀት እርጥብ ሥጋን አይታገሥምና። ቋሊማውን በጥቂት ዘይት በዝግታ እያገላበጠ ይጥበሰው፤ ውስጡ ቅላቱ ፈጽሞ ሲጠፋ አውጥቶ በቀጭኑ ይቍረጠው። በቀረው ስብ ላይ 3 ራስ ቀይ ሽንኩርት ያቍላላ፤ 6 የበሰለ ቲማቲም ከትፎ ይጨምር፥ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣም ይጠብቅ። ከዚያ በኋላ 3 ካሮት፥ ቀጥሎም አንድ እስር የአበሻ ጎመን በደቃቁ ተቈርጦ ይገባል። የእኛ ጎመን ከፑልያው መራራ ጎመን ጋራ የአንድ ወገን ተክል ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል።

መኮሮኒው ግማሽ ኪሎ ይሁን፤ 5 ሊትር ውኃ በሚገባ ሲፈላ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ተጨምሮበት ይግባ፥ እንዳይያያዝም ይማሰል። በዚህ ላይ ደገኛና ቈለኛ አንድ ልዩነት ይወቁ። ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሸዋ ሮቢት ግን በ96 ዲግሪ ገደማ፥ ወደ 2,800 ሜትር በምትጠጋው በደብረ ብርሃን ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለደጋ ሰው አይበቃም፤ ሰዓት ከማየት አንዱን ፍሬ አውጥቶ መቅመስ ይሻላል። መኮሮኒው ሲበስል ከቀቀለው ውኃ አንድ ኩባያ ያስቀር፤ ቀሪውን አጥልሎ መኮሮኒውን ወደ አትክልቱ ይገልብጠው፥ ያስቀረውንም ውኃ ጥቂት በጥቂት እያፈሰሰ 2 ደቂቃ ያህል በእሳት ላይ ያማስለው። በውኃው ያለው የስንዴ ስታርች ወጡን ከመኮሮኒው ጋራ ያጣብቀዋል። በመጨረሻ የተቈረጠው ቋሊማ ከላይ ይደረጋል። የጾም ሲሆን ቋሊማው ይቀራል፤ በሥጋው ስብ ፈንታ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ይገባል፥ የተቀቀለ ሽምብራም ቢጨመርበት ኃይል ይሰጣል።

እንግዳ የሚጠራ ሰው ግን አንድ ነገር አይርሳ። የአትክልቱን ድስት አስቀድሞ ይሥራ፤ ቋሊማውን በሌላ ድስት ለብቻው ያቅርብ። እንዲህ ቢያደርግ ጾመኛውም፥ የሌላው ሃይማኖት ጎረቤትም ከመኮሮኒው በአንድ ገበታ ይበላል፤ ሥጋ የሚወድም ከጐኑ ይወስዳል። በዚህ መብል ቋሊማው ሰም ነው፤ ዓይን ይስባል፥ አፍ ያስመኛል። ወርቁ ግን ሁሉ እጁን የሚሰድበት የአትክልቱ ድስት ነው።

ይህን ሁሉ ስለ መብል ብቻ አልጻፍነውም። ማጀቴ መከራ ያየች አገር ናት። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ በካራቆሬ ዙሪያ በተነሣው የምድር መናወጥ የማጀቴ ከተማ ጨርሳ ፈረሰች፤ የድንጋዩ ግድግዳ ወደቀ፥ ጓዳውም አብሮ ተቀበረ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ደግሞ በአጣዬና በአካባቢዋ በሰው እጅ ከዚያ የከፋ ነገር ሆነ፤ ቤት ተቃጠለ፥ ሰው ሞተ፥ ብዙዎችም ልጆቻቸውን ይዘው ተሰደዱ። የምድር መናወጥ ያፈረሰውን ቤት በድንጋይና በጭቃ መልሶ መሥራት ይቻላል፤ የተለያየ ገበታን ግን መልሶ የሚገጥም ግንበኛ በገበያ አይገኝም። ተሰዶ የተመለሰ ሰው አስቀድሞ የሚያቆመው ሦስቱን ጕልቻ ነው፤ በጕልቻውም ላይ የሚጣደው የመጀመሪያው ድስት ጎረቤት ሊበላው የሚችል ቢሆን ታሪክ ከአንድ ስምምነት ወረቀት አያሳንሰውም።

ስለዚህ ለካህናትም፥ የተማሩ ለሆኑ የከተማ ሰዎችም የምንለው ይህ ነው። የየአገራችሁን አደባባይ ታሪክ እንደምትጽፉ የማጀቱንም ጻፉ፤ እናቶቻችሁ የባዕዱን ነገር እንዴት እንደ መረመሩ፥ ምን ተቀብለው ምን እንደ መለሱ ጠይቁ። ድል አድራጊ ጦር ያመጣውን ሁሉ አሜን ብለው አልተቀበሉም፤ ስለ ጠሉትም ሁሉን አልጣሉም። በሕጋቸው መዘኑት፥ በጎረቤታቸው ሕሊና ለኩት፥ የተረፈውን በእንጀራቸው ላይ አኖሩት። ይህን ያህል ፍርድ ያወቀ ማጀት ያለው ሕዝብ በአደባባይም ፍርድ ሊያጣ አይገባውም።